ሰርግም፣ ክሊፕም፣ ዶክመንተሪም፣ ፊልምም የሚቀርፅ ሁለገብ ሲኒማቶግራፈር ለመሆን ከየት ይጀመራል?

ባለፈው ሰሞን አንዲት ልጅ በቴሌግራም "ወንድሜ ሲኒማቶግራፈር መሆን እፈልጋለሁ፣ ሶኒ ልግዛ ወይስ ካነን?" ብላ ፃፈችልኝ። ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አብዛኛው ይሄ ነው። የመለስኩላትም ለሁሉም የምመልሰውን ነው፣ ለጊዜው ምንም አትግዢ። ካሜራም ሌንስም አዲስ አበባ ውስጥ በቀን ሂሳብ ይከራያል፣ ተበድረው ካሜራ ገዝተው ስራ ሲጠፋ ከገዙበት በጣም ወርደው የሸጡ ልጆች ደግሞ አውቃለሁ። ከዛ ስለ ስራው በቮይስ ረጅም ሰአት አወራንና መጨረሻ ላይ "ይሄን ለምን አትፅፈውም?" አለችኝ፣ ይኸው እየፃፍኩ ነው።

መጀመሪያ ሁለገብ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ልናገር፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ሁለገብ ሲባል የመጣለትን ስራ ሁሉ እሺ የሚል ካሜራማን ይመስለዋል። እሱማ ብዙ አለ። እኔ የምለው ሰርግ ላይ የተማረውን ክሊፕ ላይ፣ ማስታወቂያ ላይ የተማረውን ዶክመንተሪ ላይ ይዞ የሚሄደውን ሰው ነው። ሰርጉን ለእንጀራ ብሎ አይኑን ጨፍኖ የሚቀርፅ፣ "እውነተኛው ስራዬ ፊልም ነው" እያለ አመቱን የሚጠብቅ ልጅ ሰርጉም አይሆንለት ፊልሙም አይመጣለት። ሁሉም ስራ የራሱ ትምህርት አለው፣ እና ትምህርቱን ለይቶ ማወቅ ነው ቁም ነገሩ።

ደግሞ እዚህ አገር በአንድ አይነት ስራ ብቻ አመቱን መግፋት ይከብዳል። ቀን መቁጠሪያውን እስኪ ተመልከቱት። ጥር የሰርግ ወር ነው፣ ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ ጎበዝ ካሜራማን ቅዳሜና እሁድ ሶስት ቦታ ይፈለጋል። ከዛ አቢይ ፆም ይገባና 55 ቀን የኦርቶዶክስ ሰርግ የለም። ፋሲካ አልፎ ዳግማይ ትንሳኤ ሲሆን እንደገና ይጀመርና ግንቦትን ይዞ ይሄዳል፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጭር ይላል። ነሀሴ ላይ ለእንቁጣጣሽ የሚለቀቁ ክሊፖችና የበአል ማስታወቂያዎች ይመጣሉ፣ በጀት በሚዘጋበት ሰሞን ደግሞ ድርጅቶች የፕሮጀክት ዶክመንተሪ ያሰራሉ። ይሄን ዙር ያወቀ ሰው ፆሙ ሲገባ ስራ ፈትቶ አይቀመጥም፣ የካቲት ላይ የዶክመንተሪ ሰዎችን ቀድሞ ያናግራል። ሌላው ነገር ህግም ገበያ ይዘጋል፣ በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያ በሬድዮና በቲቪ እንዳይተላለፍ ሲከለክል የቢራ ማስታወቂያ ላይ ብቻ ተንጠልጥለው የነበሩ የማውቃቸው ልጆች ለወራት ስልካቸው አልጠራም። በአመቱ ኮቪድ መጣና ሰርጉም ቆመ። ያኔ ቤት ኪራያቸውን የከፈሉት ሁለት ሶስት በር የነበራቸው ናቸው።

እሺ ከየት ይጀመር? ከአሲስታንትነት። ይሄን ስል ፊታቸውን የሚያጨፈግጉ ልጆች አሉ፣ ስልክ ይዘው ቲክቶክ ላይ ጥሩ ነገር እየሰሩ ስለሆነ ትራይፖድ መሸከም እንደመውረድ ይሰማቸዋል። ግን እመኑኝ፣ አንድ ጥሩ ዲኦፒ (የቀረፃው ዋና ሲኒማቶግራፈር) ስር ሆናችሁ 20 የቀረፃ ቀን ብትሰሩ ከየትኛውም ኦንላይን ኮርስ ይበልጣል። ካሜራው ከመነሳቱ በፊት መብራቱ የት እንደተተከለ፣ ዳይሬክተሩ ሀሳቡን ሲቀይር ዲኦፒው ምን ብሎ እንደመለሰ፣ ዝናብ ሲመጣ የቱን ሾት ቀድሞ እንደወሰደ፣ ይሄ ሁሉ የሚታየው አጠገቡ ቆሞ ነው። ከአሲስታንት ወደ ፎከስ ፑለር (የሌንሱን ፎከስ የሚቆጣጠር ሰው)፣ ከዛ ሁለተኛ ካሜራ፣ ከዛ የራስ ስራ። እኛ ጋ ክሩው ትንሽ ስለሆነ አንድ ሰው ሶስቱንም ደርቦ ይሰራል፣ አድካሚ ቢሆንም ለመማር ግን ጥሩ ነው። የውጭ ፕሮዳክሽን አዲስ አበባ ሲመጣ የአገር ውስጥ አሲስታንት ይቀጥራል፣ እንደዚህ አይነት እድል ካገኛችሁ ክፍያውን ብዙ ሳትከራከሩ ግቡ፣ እዛ የምታዩት የስራ ስርአት (ክላፐሩ እንዴት እንደሚመታ፣ ካርድ በማን እጅ አልፎ የት እንደሚገለበጥ፣ ማን ለማን እንደሚናገር) እድሜ ልክ ይጠቅማችኋል። ትምህርት ቤትም መግባት የምትችሉ ግቡ፣ ግን ሰርተፍኬቱን ይዛችሁም ትራይፖዱን መሸከማችሁ አይቀርም።

በነገራችን ላይ የራሳችንን ሰው እናንሳ። ሲኒማቶግራፈር አብርሃም ኃይሌ ብሩን ስንቶቻችን እናውቀዋለን? የቻዱን ዳይሬክተር የማሃማት ሳሌህ ሃሩንን "አቡና" (እ.ኤ.አ. 2002) እና "ዳራት" (እ.ኤ.አ. 2006) የቀረፀው እሱ ነው፣ "ዳራት" ደግሞ ቬኒስ ፊልም ፌስቲቫል ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማት ያገኘ ፊልም ነው። በሌላ በኩል የኛን ታሪክ ይዘው አለም ያያቸውን ፊልሞች ብትመለከቱ "ድፍረት"ንም ካን ፌስቲቫል የተመረጠውን "ላምብ"ንም የቀረፁት ከውጭ የመጡ ሴት ሲኒማቶግራፈሮች ናቸው፣ ሞኒካ ሌንቼውስካ እና ጆዜ ዴሼ። ስራቸው ያምራል፣ አከብራቸዋለሁ። ግን የሚቀጥለው እንደዚህ አይነት ፊልም ሲመጣ ዳይሬክተሩ ስልኩን አንስቶ እዚሁ ቦሌ ወይ ሳሪስ ያለ ሰው ጋ እንዲደውል ነው የኔ ምኞት፣ ይሄን ፅሁፍ የምፅፈውም ለዛ ነው።

አሁን ወደየስራው እንግባ፣ ከሰርጉ ልጀምር፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችን እዛ ነው የምንጀምረው።

ሰርግ የሚያስተምረው መቅደምን ነው። ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ እናቷ አንገቷን አቅፋ የምታለቅስበት ሰኮንድ አንድ ጊዜ ነው ያለው፣ "እማማ እንደገና ያልቅሱልኝ" አይባልም። ስለዚህ እናትየው ከመነሳቷ በፊት ፊቷን አይታችሁ፣ በየት በኩል እንደምትመጣ ገምታችሁ፣ ፎከሳችሁን ይዛችሁ መቆም አለባችሁ። ሰርግ ሲቀርፅ የኖረ ሰው ዶክመንተሪ ላይ ሲገባ ሌላው "አመለጠኝ" የሚለውን ይይዛል። ሁለተኛው ትምህርት ፀሀይ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ አካባቢ ናት፣ ስለዚህ ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ እና ነሀሴ መጨረሻ ላይ እኩለ ቀን ፀሀይዋ ልክ አናት ላይ ነች። ከፋሲካ በኋላ ያለው የሰርግ ወቅት ሚያዝያ ላይ ሲውል ይሄው ይገጥማችኋል ማለት ነው፣ እና 6 ሰአት ላይ መናፈሻ ውስጥ ሙሽሮቹን ገትራችሁ ብትቀርፁ አይናቸው ጉድጓድ ውስጥ የገባ ይመስላል። ፕሮግራሙን የሚያወጡት ሚዜዎች ናቸውና ከሳምንት በፊት ደውላችሁ የመናፈሻው ሰአት ወደ 10 ሰአት እንዲገፋ ለምኗቸው፣ እምቢ ካሉ ዛፍ ጥላ ፈልጉ፣ ዛፍ ከሌለ የህንፃ ጥላ ጫፍ ላይ አቁሟቸውና ፊታቸውን ወደ ብርሀኑ አዙሩት። ጥር ላይ ደግሞ ፀሀይዋ ቀኑን ሙሉ በደቡብ በኩል ነው የምታልፈው፣ ስለዚህ ሙሽሮቹ ጀርባቸውን ለደቡብ ሰጥተው እናንተ ወደ ደቡብ ብትቀርፁ ፀሀይዋ ከኋላ ሆና ፀጉራቸውንና ቬሏን ታበራላችኋለች። ፀሀይ ስትጠልቅ ደግሞ እኛ ጋ ቀጥ ብላ ስለምትወርድ ያ ወርቃማ ብርሀን ቶሎ ያልቃል፣ 11 ተኩል ላይ ሌንስ መቀየር የጀመረ ሰው አጥቶታል።

ክሊፕ ሌላ ነገር ነው። ክሊፕ መብራት ላይ ድፍረት የሚሰጥ ስራ ነው፣ ቀዩንም ሰማያዊውንም ሞክሩ፣ ጭስ ሙሉ፣ ማንም አይከለክላችሁም። ግን ቴክኒኩን እወቁ። ለምሳሌ ዘፋኙ በስሎው ሞሽን እየሄደ ከንፈሩ ግን ከዘፈኑ ጋር እንዲገጥም ከፈለጋችሁ፣ ዘፈኑ ቦታው ላይ በሁለት እጥፍ ፍጥነት ይከፈታል፣ ዘፋኙ በዛው ፍጥነት ይዘፍናል፣ እናንተ በሰኮንድ 50 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ትቀርፃላችሁ፣ ከዛ ኤዲት ላይ ወደ 25 ሲወርድ ከንፈሩ ልክ ይመጣል፣ ልብሱና ፀጉሩ ግን እየተንሳፈፈ። ለዚህ የተፋጠነው ኦዲዮ ከቤት ተዘጋጅቶ መምጣት አለበት፣ ዘፋኙም ከአንድ ቀን በፊት ሊለማመድበት ይገባል፣ በተለይ ትዝታ ሳይሆን ፈጠን ያለ ዘፈን ከሆነ ምላሱ ነው የሚተሳሰረው።

ማስታወቂያ የሚያስተምረው ትእግስት ነው። አንዲት ሲኒ ቡና ለመቅረፅ አራት ሰአት የፈጀብን ቀን አለ። ያን ቀን የተማርኩት፣ የቡና ጭስ በፊት ለፊት መብራት ጭራሽ አይታይም። መብራቱ ከኋላ በጎን በኩል መምጣት አለበት፣ ከጭሱ ጀርባ ያለው ነገር ደግሞ ጨለማ መሆን አለበት፣ ያኔ ከጀበናው አፍ የሚወጣው እያንዳንዱ ክር ይታያል። ቀዝቃዛ ጠርሙስ ላይ የምታዩት ጠብታም ውሀ ብቻ አይደለም፣ ግሊሰሪን ከውሀ ጋር ተቀላቅሎ የተረጨ ነው፣ መብራቱ ቢያግለውም ቶሎ አይደርቅም።

ይሄ ማስታወቂያ ላይ የተማርኩት ነገር ከሁለት አመት በኋላ ሰሜን ሸዋ አንድ ጎጆ ቤት ውስጥ አዳነኝ፣ እና እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ስራው ስለ ውሀ ፕሮጀክት የሚሰራ ዶክመንተሪ ነበር። ታሪክ የሚነግሩን አንድ እማሆይ ነበሩ፣ ቤታቸው ግን መስኮት የለውም፣ ብርሀን የሚገባው በበሩ ብቻ ነው፣ የያዝኩት ትንሿ ኤልኢዲ መብራት ባትሪዋ አልቋል። ፕሮዲውሰሩ "ውጪ እናውጣቸውና ዛፉ ስር እንቅረፅ" አለ። እሳቸው ግን ቡና እያፈሉ ነው፣ ከምድጃቸው ብናስነሳቸው የሚነግሩን ሌላ ነገር ነው የሚሆነው። ያደረግነው እንዲህ ነው፣ ረከቦቱን ከቦታው ወደ በሩ አንድ ክንድ ያህል አስጠጋነው፣ እማሆይ ጎናቸውን ለበሩ ሰጥተው ተቀመጡ፣ እኔ ደግሞ ከበሩ ሳይሆን ከጨለማው ወገን፣ ግድግዳውን ተደግፌ ቁጭ አልኩ። በሩ ላይ አቡጄዲ ወጠርን። አቡጄዲ ሁሌም ቦርሳዬ ውስጥ አለ፣ መርካቶ በሜትር የሚሸጠው ነጭ ጨርቅ፣ የውጪውን ዲፊውዥን (ብርሀን የሚያለሰልስ ጨርቅ) መግዛት ሳንችል የኖርነው በሱ ነው፣ እስካሁንም አልተለየኝም። ከበሩ የገባው ብርሀን ለስልሶ ግማሽ ፊታቸው ላይ አረፈ፣ ግማሹ ጨለማ ውስጥ ቀረ፣ ጭሱ ደግሞ ጥቁሩ ግድግዳ ላይ ክር በክር ታየ። እሳቸውም ቡናቸውን እየቀዱ የልጃቸውን ታሪክ ተናገሩ። ያን ሾት ያየ ዳይሬክተር ነው በኋላ ለአጭር ፊልም የጠራኝ። እስካሁን ከሰራኋቸው ሁሉ እኔም እሱን ነው የምወደው።

ዶክመንተሪ ላይ የተበላሸብኝንም ልንገራችሁ። የመጀመሪያው የኤንጂኦ ስራዬ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነበር፣ ክፍሎቹ በሙሉ ፍሎረሰንት መብራት። እኔ ካሜራውን ዩቲዩብ ላይ እንዳየሁት አሜሪካኖቹ እንደሚሰሩት በሰኮንድ 30 ፍሬም፣ ሹተሩን (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሀን የሚያገኝበትን ጊዜ) 1/60 ሰኮንድ አድርጌ ሁለት ቀን ሙሉ ቀረፅኩ። ትንሿ ስክሪን ላይ አልታየኝም። ቤት ገብቼ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ምስሉ በሙሉ ይንቀጠቀጣል፣ ጥቁር መስመር ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ነርሷ የተናገረችው ሁሉ፣ ክትባት የሚሰጠው ህፃን፣ ሁሉም። በራሴ ወጪ ተመልሼ ሄድኩ፣ ነርሷን አገኘኋት፣ ያን ህፃን ግን አላገኘሁትም። ምክንያቱ ቀላል ነው፣ የኛ አገር ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው፣ መብራቱ በሰኮንድ 100 ጊዜ ነው ብልጭ ድርግም የሚለው፣ ስለዚህ 25 ፍሬም ከ1/50 ወይም ከ1/100 ሹተር ጋር ነው የሚስማማው። የግድ 24 ፍሬም ካሉዋችሁ ሹተር አንግሉን 172.8 ዲግሪ አድርጉት፣ እሱም ያው 1/50 ነው። ዱባይም እስራኤልም አውሮፓም ያላችሁ እንደኛው 50 ነው፣ ዲሲና ሲያትል ያላችሁ ግን 60 ስለሆነ 1/60 ትጠቀማላችሁ። ለሰርግ ከአሜሪካ ካሜራ ይዘው የሚመጡ ልጆች አዳራሽ ውስጥ የሚቸገሩበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ይሄ ነው።

ፊልም ላይ ስትደርሱ ደግሞ ሁሉንም የያዛችሁትን ትንሽ መርሳት አለባችሁ። የክሊፕ ሰው ፊልም ላይ ሲገባ የሚሰራው ትልቁ ጥፋት እያንዳንዱን ሾት ማሳመር ነው፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ ከኋላቸው ሰማያዊና ብርቱካን መብራት ይተክላል። ስክሪፕቱን ሶስት ጊዜ አንብቡ፣ አንዴ እንደ ተመልካች፣ አንዴ ብርሀኑን ብቻ እያሰባችሁ (ጠዋት ነው? ኩራዝ ነው? መብራት ጠፍቷል?)፣ አንዴ ደግሞ ይሄ ትእይንት የማን ነው እያላችሁ። የማን እንደሆነ ካወቃችሁ ካሜራው የት እንደሚቆም ግማሹን አወቃችሁ። ሌላው ኮንቲኒዩቲ (የአንድ ትእይንት ሾቶች በአንድ ጊዜ የተቀረፁ እንዲመስሉ ማድረግ) ነው፣ ጠዋት 3 ሰአት የጀመራችሁት ትእይንት ከሰአት 9 ሰአት ላይ ሲያልቅ ፀሀይዋ በሌላው መስኮት ነው የምትገባው፣ ስለዚህ ሰፊውን ሾት ቀድማችሁ ውሰዱ፣ የፊት ክሎዝ አፖችን በራሳችሁ መብራት በኋላ መመለስ ይቻላል።

እንግሊዛዊውን ሲኒማቶግራፈር ሮጀር ዲኪንስን የምታውቁት በኦስካሩ ይሆናል፣ ግን ሰውየው ፊልም ከመግባቱ በፊት ዶክመንተሪ ነበር የሚቀርፀው፣ ኤርትራ ጦርነቱ ውስጥ ገብቶ ሳይቀር ሰርቷል፣ ክሊፕም ሰርቷል። የመጀመሪያ ኦስካሩን ያገኘው እ.ኤ.አ. 2018 ላይ በ14ኛው እጩነቱ ነው። ፊልሞቹን ስታዩ ያ የዶክመንተሪ ሰው አሁንም እዛ ውስጥ አለ፣ መብራቱ ከመስኮት የመጣ ነው የሚመስላችሁ።

ሾሪል (የስራችሁ ናሙና ቪዲዮ) ላይ ብዙ አልቆይም። ሁሉን አንድ ላይ አትደባልቁ። ለሰርግ ደንበኛ አንድ፣ ለድርጅቶች አንድ፣ ለፊልም ዳይሬክተር አንድ፣ እያንዳንዱ ከአንድ ደቂቃ ተኩል አይለፍ፣ ለፊልሙ ደግሞ ቢያንስ አንድ ሙሉ ትእይንት ሳትቆርጡ አስገቡ፣ ዳይሬክተር የሚፈልገው ታሪክ መያዝ እንደምትችሉ ማየት ነው። ድሮን ሾት ያላችሁ ደግሞ፣ ድሮን ያለ ፈቃድ አታስነሱ። ፈቃዱን ደንበኛው ያውጣ ወይ እናንተ የሚለው ውሉ ላይ ይፃፍ።

ብር። ይሄን የሚነግራችሁ ሰው ስለማይኖር እኔ ልንገራችሁ። የእጃችሁን ዋጋ ከመሳሪያው ዋጋ ለዩት። "ከነካሜራው ስንት?" ተብላችሁ ስትጠየቁ በፕሮፎርማችሁ ላይ የሰው ቀን ለብቻ፣ ካሜራና ሌንስ ለብቻ፣ መብራት ለብቻ፣ ትራንስፖርት ለብቻ ፃፉ። አለበለዚያ ደንበኛው "ቀንስልኝ" ሲል የሚቀነሰው ከናንተ ላብ ነው። ቀብድ ሳትቀበሉ ቀኑን አትያዙ፣ እኔ ግማሹን ነው የምቀበለው። ስንት ጊዜ እንደሚታረም፣ ጥሬ ፉቴጁ ይሰጥ አይሰጥ፣ ቀረፃው ከተስማማችሁበት ሰአት ቢያልፍ ምን እንደሚከፈል፣ አንድ ገፅ ወረቀት ይበቃል፣ ግን ይፈረም። ጓደኛዬ ነው ብዬ ያለ ውል የሰራሁለት አንድ ፕሮዲውሰር ክሊፑ ወጥቶ ሚሊዮን ሰው አይቶት የኔ ክፍያ እስካሁን አልመጣም፣ ከብሩ ይልቅ ያሳዘነኝ አሲስታንቶቼን ከኪሴ ስከፍል ጓደኝነታችንም አብሮ መሄዱ ነው። ድርጅቶች ጋ ለመስራት ንግድ ፈቃድና ደረሰኝ ይጠየቃልና እሱንም ስራው ከመምጣቱ በፊት ጨርሱት። ካርድ ደግሞ ሁለት ቦታ ሳይገለበጥ ፎርማት አይደረግም፣ ሁለት ቦታ ስል ሁለት የተለያየ ሃርድ ድራይቭ፣ አንዱ እናንተ ጋ አንዱ ሌላ ሰው ቦርሳ ውስጥ፣ የሰው ሰርግ ጠፋ ብሎ ስልክ መደወል የለም።

ያቺ ልጅ ካሜራ አልገዛችም። አንድ የሰርግ ቡድን ጋ አሲስታንት ሆና ገባች፣ እና ባለፈው እሁድ መልስ ላይ ሁለተኛ ካሜራ ሰጧት። ማታ 4 ሰአት ላይ የፃፈችልኝ እንዲህ ይላል፣ "ወንድሜ ግቢው ፀሀይ ነው፣ የሙሽራዋን ፊት ሳወጣው ነጠላዋ ነጭ ብሎ ጠፋ፣ ጥለቱ ራሱ አይታይም፣ ነጠላውን ሳስተካክል ደግሞ ፊቷ ጠቆረ፣ ምን ማድረግ ነበረብኝ?"

እንዲህ ብዬ መለስኩላት። የምትቀርፂው በሎግ (ኤዲት ላይ ቀለሙ የሚስተካከል ደብዘዝ ያለ ምስል) ካልሆነ ዜብራውን (በጣም የበራውን ቦታ ስክሪኑ ላይ በመስመር የሚያሳየውን) 95 ላይ አድርጊው፣ መስመሩ ነጠላው ላይ ሲመጣ አይሪሱን (ብርሀን የሚገባበትን የሌንስ ቀዳዳ) እያጠበብሽ ወይ ኤንዲውን (ብርሀን የሚቀንሰውን ፊልተር) እየጨመርሽ መስመሩ እስኪጠፋ ድረስ ውረጂ፣ የነጠላው ክር ከተቃጠለ ኤዲት ላይ አይመለስም፣ የጠቆረ ፊት ግን በመጠኑ ይመለሳል። ከዛ ፊቷን በኤክስፖዠር ሳይሆን በቦታ አስተካክዪው፣ ሙሽራዋን ግማሽ ዙር አዙሪያት፣ ፀሀይዋ ከጀርባዋ ትሁን። አሁን የነጠላው ፊት ለፊትና ፊቷ ሁለቱም ጥላ ውስጥ ስለሆኑ ልዩነታቸው ይጠባል፣ ፀሀይዋ የምታቃጥለው ትከሻዋ ላይ ያለውን ጠርዝ ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ያምራል። ከፊት ለፊቷ ነጭ ፎም የሚይዝ ልጅ ካለ ከደረቷ በታች ይያዝ፣ ከሌለ ነጭ የለበሱ አክስቶቿን ፀሀይ ላይ ከፊት ለፊቷ አሰልፊያቸው፣ እነሱ እያጨበጨቡ እልል ሲሉ የነጠላቸው ብርሀን ፊቷ ላይ ይመለሳል።